ልክ

ሱ ፎልስ ከተማ፣ ሚያዝያ ሲጋመስ፣
ጸደይ እመጣለሁ ብሎ ሲመላለስ፣
የፕሮም ሰሞን ነው፤ ከልብስ ማጠቢያው ጓዳ
ከስፌት መኪናዬ ፊት ተደርድሯል ዕዳ፦
ቢጫው ይጥበብልኝ፣ ቀዩ ይርዘምልኝ፣
"ጥሩዬ በሞቴ፣ ለቅዳሜ አድርሽልኝ።"

ሰኞ፣
ስንቅነሽ መጣች፣ ክንዷ ላይ ጣል አርጋ
አረንጓዴ ቀሚስ፣
ያልተቆረጠለት የአንገቱ ላይ ዋጋ።
"ጀርባው የት አለ? እስቲ አሳዪኝ" አለች፤
እንደጠፋ ዕቃ ጨርቁን ገለበጠች።
"መቶ ስልሳ ዶላር ለጎደለ ልብስ!
የቀረውን አንቺ ሙዪና ትልበስ፤
እጅጌ ቀጥዪበት፣ ጀርባውን ድፈኚ፣
የድካምሽን ዋጋ ከኔ እጥፍ አግኚ።"

ከዚያ ዝም አለች። ከዚያ ድምጿ ቀጠነ፤
"ዘጠነኛ ክፍል ነው፣ ደሴ ሳለሁ፣ የሆነ።
ዲሬክተሩ ከሰልፍ ነጥሎ አወጣና
ከጉልበቴ በላይ በማስመሪያ ለካና
ቁጥሩን ጮኾ አወጀው፣ እንደ ሬዲዮ ዜና።
እስከ ዛሬ ድረስ ያ ቁጥር ይጠራል፤
ልጄን ማን ይለካል? ማንስ ይቆጥራል?"

ይህንን እያለች ከቦርሳዋ ወጣ
ከትምህርት ቤቱ የተላከ ጣጣ፦
ማንገቻው ሁለት ጣት፣ ከጉልበት በላይ አራት፤
ጣቱ የማን እንደሆን አልጻፉም፣ ረሱት።

ሰፋሁት። ምን ላድርግ? ስፌት ነው እንጀራዬ።

ረቡዕ፣
ከሥጋ ፋብሪካው ሥራ መልስ ደምመላሽ
ከነቦት ጫማው ገባ፣ ልዘጋ ስል አመሻሽ።
ቀሚሱን ዘረጋ። "ፍቺልኝ ይኼን ክር፤
ስንቄ እንዳትሰማ፣ ባንቺና በኔ ይቅር።"
እኔ ደነገጥኩኝ፤ የሰፈሩ ወሬ
እሱን ነበር ሲያማ "ጥብቅ ነው" እያለ እስከ ዛሬ።
"ወደኸው ነው?" አልኩት። "አልወደድኩም" አለ፤
"እኔም እንደናቷ ዓይኔ ተቃጠለ።
ግን ባለፈው ጥቅምት፣ ጎማ ስቀይር፣
ተጠቅልሎ አገኘሁ ከመለዋወጫው ሥር
ሌላ አጭር ቀሚስ። የሸኘናት በሱ አልነበር።
ነዳጅ ማደያ ቆማ፣ ከሽንት ቤቱ በር፣
በብርድ ስትቀይር አየኋት ዓይኔን ጨፍኜ።
እያየሁ ልናደድ፤ ምንም አይደል እኔ።
ጓሮ በር ከምትለምድ፣ በፊት ለፊት ትውጣ፤
ከመጣም ሳሎን ላይ ይምጣብኝ ቁጣ።"

ፈታሁት። ብሩን ሁለቴ ቆጠረ፤
የተፈታው እጅጌ ከመሳቢያዬ ቀረ።

ዓርብ፣ ባለቤቷ መጣች።
ኤፍራታ፣ ዐሥራ ሰባት፣ ጥርሷ ላይ ሽቦ፤
"አንተ" ትለኛለች፣ አማርኛዋ ተርቦ።
"እጅጌውን ተወው፣ ኪስ ሥራልኝ፣ ባክህ፤
ሁለቱን ከሰማህ ማለቂያም የለህ።
ስልኬን የት ላድርገው? የቤቱንስ ቁልፍ?
እኔን በአራት ሰዓት ይጥለኛል እንቅልፍ።"

"ቁሚ" አልኳት። ሜትሬን ከአንገቴ ሳብኩኝ።
"ልክሽን እወቂ" ሲሉኝ ነው ያደግኩኝ፤
ክፉ ቃል ናት ይህቺ። እኔ ግን በሙያዬ
"ልክሽን ልወቅ" ነው የዘወትር ጥያቄዬ።
ትከሻዋን ለካሁ፤ ጻፍኩ፤ ደግሜ ለካሁ፤
እናቷ የሰጠችኝን ቁጥር አነሣሁ፦
ሁለት ጣት ይጎድላል። የማን ጣት? የኔ ጣት።
ዓምና የተወሰደ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ማንም አልለካት።
ያ ሁሉ ጭቅጭቅ፣ ያ መስፋት፣ ያ መፍታት
በአምናዋ ልጅ ነበር። የዘንድሮዋን አላዩዋት።

ቅዳሜ በረዶ ጣለ።
መስኮቴን ጠረግኩት። ከማዶው ፎቅ ወጡ።
ደምመላሽ መኪናውን አስነሥቶ ያሞቃል፣
ስንቅነሽ ጫፉን ይዛ፣ "ቀስ በዪ፣ ያዳልጣል!"
ልጅቷ በመካከል የአባቷን የሥራ ጃኬት
ደርባለች እስከ ጉልበቷ፣ የማቀዝቀዣ ቤት፤
ጀርባዋ ተከፍቷል? ማን ያውቃል ከላዩ?
እኔም አላየሁም፣ መንገደኞችም አላዩ።
ግራ እጇ ብቻ ከጃኬቱ ሥር ገብቶ
ኪሱን ይደባብሳል፣ የሆነ ነገር አጥቶ።

ቆመች።
አገኘችው።
መኪናው ተነሣ።